ዕጣው ለምብራት ወጣ

መስከረም 24
ፍዮሪ ጻፊ አለችኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ምን እጽፋለሁ ብላት፣ «ማንም አያነበውም፣ እማ። ሲከብድሽ ታወርጂበታለሽ» አለች። እሺ ብዬ ጀመርኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው።

ፍዮሪ የልጄ የናዝራዊት ጓደኛ ናት። አራት ኪሎ አብረው ተምረው አብረው ተመረቁ። ናዝራዊት ባለፈው ታኅሣሥ በኩላሊት ሕመም ካረፈችብኝ ወዲህ ፍዮሪ እሑድ እሑድ ትመጣለች። በር አታንኳኳም። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና «እማ፣ ምን በላሽ?» ትለኛለች። እንደ ልጄ «አንቺ» ነው የምትለኝ። እንግዳ ፊት እንኳ አትለውጠውም። እኔም ሰው ሲኖር ቶሎ ብዬ አናግራታለሁ፣ እንዲሰሙት።

ዛሬ የመጣችው ለሥራ ነው። አንድ የጥናት ቡድን ቀጥሯታል። ልጅ የሞተባቸው እናቶች ከአፈርና ከዛፍ ጋር ጊዜ ሲያሳልፉ እንቅልፋቸውና ደም ግፊታቸው ይሻሻል እንደሆነ ያያሉ። በውጭ አገር እንዲህ ያለው ጥናት በየዓመቱ እየበዛ መሆኑን ነገረችኝ። ጫካ ውስጥ ቀስ ብሎ መሄድ፣ አትክልት መኮትኮት፣ ወፍ ማዳመጥ። እኛ አገር ግን ገና ነው አለች።

ዛፍ ሥር መቀመጥ ይጠናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ካለችበት ግን እሄዳለሁ።

መስከረም 26
ለካ ምብራትም ተመዝግባለች። ከእኔ በፊት።

ምብራት በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። የውሃ ቧንቧችን አንድ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ልጇ ሰመረ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። መርዶ መጣ፣ ሬሳ አልመጣም። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ አብዛኛው ፈርሶ ሰው ሲበተን የእኛ ግቢ ቀረ፤ ከድሮ ጎረቤት ያሉኝ እሷና እማማ ለተክርስቶስ ብቻ ናቸው።

ፍዮሪ ለእኔ ሳትነግረኝ ለእሷ ቀድማ መንገሯ ምንም አይደለም። ሥራ ነው።

እማማ ለተክርስቶስ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ድሮ ዛፍ ሥር ተጎልቶ የሚውል ቦዘኔ ይባል ነበር። አሁን ታካሚ ሆነ?» አሉ። ምብራት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 2
አራት ኪሎ አንድ አዳራሽ ሰበሰቡን። ሁሉም እናት ነው። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ ይመስል ነበር፣ ባይሆንም።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ቃለጽድቅ ይባላል። ጨዋ ሰው ነው። ለሁለት ቡድን በዕጣ ትከፈላላችሁ አለ። አንደኛው ቡድን በየረቡዑ ወንዙ ዳር ወዳለው አትክልት ይሄዳል። ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል፤ አትክልቱን የሚያገኘው ከገና በኋላ ነው። እስከዚያ ይለካል እንጂ አይነካም።

አንዷ እናት እጇን አውጥታ፣ «አንድ ላይ ብታስገቡን ምን ቸገራችሁ? ሐዘን ተራ ይጠብቃል?» አለችው።

«ሁላችሁም አንድ ላይ ገብታችሁ ቢሻላችሁ፣ ያሻላችሁ አትክልቱ ይሁን ጊዜው በምን እናውቃለን?» አላት። «እስካሁን ብዙ ቦታ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽና አጫጭር ናቸው። የሚያወዳድሩበትም የላቸውም። እኛ በደንብ እንሥራው ብለን ነው።»

ፖስታው ታደለ። የምብራት አትክልት። የእኔ ተራ ጠባቂ።

ምብራት ወረቀቷን አይታ እኔን አየችኝ። ባታየኝ ይሻል ነበር። ለእኔ ማዘን ጀመረች ማለት ነው።

ጥቅምት 3
እሑድ። ፍዮሪ መጣች። ከበሩ አልገባችም።

«እማ፣ እስከ ገና እሑድ እሑድ መምጣቱን ማቆም አለብኝ። ተራ ጠባቂዎቹ ጋ አዘውትሬ ከሄድኩ ውጤቱ ይበላሻል። ቅር እንዳይልሽ።»

«ምን ቅር ይለኛል?» አልኳት።

ሽሮ ሠርቼ ነበር። በላሁት። ሁሉንም።

ጥቅምት 6
ምብራት ወደ አትክልቱ ሄደች። የክት ቀሚሷን ለብሳ። ለኩትኮታ እንደዚያ ይለበሳል?

ስትመለስ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ነበር። ቧንቧው ጋ ቆማ ቀስ ብላ ታጠበች። እንዳየው ነው።

ጥቅምት 9
ቅዳሜ። ፍዮሪ ግቢው ውስጥ ገባች። ብድግ አልኩ። ወደ ምብራት በር ዞረች።

የአትክልቱን ቡድን በየሳምንቱ ቤታቸው ሄደው ይጠይቋቸዋል። ደም ግፊታቸውን ይለካሉ። ይሄን ያህል ጊዜ ግን ምን ያስለካል? ሁለቱም ትግርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ በቋንቋቸው ያወራሉ። ትግርኛ አላውቅም፤ አንድ ቃል ግን ማንም ያውቃል። «ኣደይ» አለቻት። እናቴ ማለት ነው።

ናዝራዊት የሚለውንም ስም ሰማሁ። ስለ ልጄ ምን ያወራሉ? በየትኛው መብታቸው?

ስትወጣ በመስኮቴ በኩል እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩ። መንገደኛ ለመንገደኛ እንደሚያደርገው።

ጥቅምት 13
ምብራት ከአትክልቱ መጥታ፣ «እፅዬ፣ ነይ እስኪ» ብላ ከቧንቧው ጀርባ ወሰደችኝ። በአሮጌ ጣሳ አፈር ይዛለች፣ ትንሽ የጤና አዳም ችግኝም አለበት።

«ምንድነው?»

«ዛሬ ያሳዩን ነው። እጅሽን አፈሩ ውስጥ አድርጊ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ከዚያ የምትሰሚውን አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

«ለእኔ ክልክል ነው። ተራዬ አልደረሰም።»

«ይቺ ሴት! ይሄ ግቢ ውስጥ የማኅበር ዳቦ ብቻውን የበላ አለ? ጸበል ያመጣ ለሁሉም ይረጫል። ብቻዬን የበላሁት አይወርድልኝም።»

«ይሄ ዳቦ አይደለም።»

«ባይሆንስ? ደጅሽ ላይ ሰው እያዘነ አንቺ ብቻሽን ዳኚ ቢሉሽ ትድኛለሽ?»

እምቢ ብል የቀናሁ ይመስላታል ብዬ እጄን ከተትኩ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። የታክሲ ጥሩምባ ሰማሁ። እማማ ለተክርስቶስ ሲስሉ ሰማሁ። ሩቅ የሚፈርስ ነገር ሰማሁ። ከዚያ ምንም። ለጥቂት ጊዜ ምንም።

ጥቅምት 14
ሳልነቃ ነጋ። ድካም ነው።

ጥቅምት 20
ምብራት ዛሬ ደግሞ አረማመድ አሳየችኝ። ሳያወሩ፣ ተረከዝን ቀድሞ፣ የሚሸተውን እያሸተቱ መሄድ። ግቢያችን ለዚህ ይጠባል። ከበር እስከ ቧንቧ፣ ከቧንቧ እስከ በር። እማማ ለተክርስቶስ ከመስኮታቸው፣ «እናንተ፣ የጠፋባችሁ ነገር ካለ ልፈልግላችሁ?» አሉን። እኔም ሳቅሁ። አመለጠኝ።

ጥቅምት 23
ፍዮሪ መጥታ ነበር። ወደዚያኛው በር። ምሳም በላች። የምብራት ወጥ ጨው ይበዛዋል፤ ናዝራዊት ሁልጊዜ ትለው ነበር። ፍዮሪ ግን በላች።

ጥቅምት 30
እንቅልፍ አለኝ። ለሰው አልተናገርኩም። የሚያስተኛኝ አፈሩ እንዳይመስላቸው። ምብራት ትጠይቀኛለች፣ «ያው ነኝ» እላታለሁ። እሷ ፊቷ ሞልቷል። ለልጇ መቃብር የላትም፣ እኔ አለኝ። ግን መቃብር የሌለው ሰው «ምናልባት» ማለት ይችላል። እኔ ያን ቃል ራሴ አፈር አልብሼዋለሁ። በዚህም የምትበልጠኝ እሷ ናት።

እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ነውር ነው። ተጽፏል።

ኅዳር 4
ሳላስበው ወደ ድልድዩ ወረድኩ። አትክልቱ ከላይ ይታያል። ኬክ ቤት ባንኮኒ ኋላ ሃያ ዓመት ስሠራ የለመድኩት ነው፤ ሳልታይ ማየት አውቃለሁ።

ሌሎቹ እናቶች ጎመን ያጠጣሉ። ምብራትና ፍዮሪ ለብቻቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ፍዮሪ ጭንቅላቷን ምብራት ትከሻ ላይ ጥላለች። መላ ሰውነቷ በሳቅ ይርገፈገፋል። ምብራት ጀርባዋን ትደባብሳታለች። እኔ ከላይ ቆሜ፣ ሰው እየገፋኝ፣ የታክሲ ረዳት «ወይ ግቢ ወይ መንገድ ልቀቂ፣ እናት» እያለኝ።

እኔ ጋ ስትመጣ እንዲህ ስቃ አታውቅም። እኔ ጋ ጭምት ናት።

ይሄ ለጥናት ነው?

ኅዳር 5
ምብራት ጠራችኝ። ራሴን አሞኛል አልኩ።

ኅዳር 9
መለኪያ ቀን ነበር። አራት ኪሎ ሄድኩ። በሚዛንም በመሣሪያም ለኩኝ። ምራቄን በጠርሙስ ወሰዱ፤ ጭንቀት በምራቅ ይታያል ይላሉ። ከዚያ ጥያቄ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አስቸግሮዎታል? ፈጽሞ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። መዋሸት ፈለግሁ። አልሆነልኝም፣ የደም ግፊቱ አስቀድሞ ተናግሮብኛል።

ዶክተሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። «ወይዘሮ እፀገነት፣ ደስ ይላል። ከተራ ጠባቂዎቹ እንደ እርስዎ የተሻለው የለም። አዲስ የጀመሩት ነገር አለ?»

እዚያ ላይ የለም ብል ያልቅ ነበር። ድልድዩ ላይ ሆኜ ያየሁት ዓይኔ ላይ መጣ።

«ምብራት ታስተምረኛለች» አልኩት። «ከአትክልቱ የተማረችውን ሁሉ።»

«የት ታገኝዎታለች?»

«አንድ ግቢ ነን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። እዚህም ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አልጠየቀኝም። ራሴ ነኝ የጨመርኩት።

«አንድ ግቢ መሆናችንን ፍዮሪም ታውቃለች» አልኩት።

ኅዳር 10
ምንም አልተከሰተም። ምናልባት ነገሩ ቀላል ነው።

ኅዳር 11
የተናገርኩት እውነት ነው። እውነት መናገር ኃጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ኅዳር 12
ሚካኤል ነው። ከደጅ ሳምኩ። አልገባሁም።

ኅዳር 14
ፍዮሪ መጣች። በሩን አንኳኳች። ያንኳኳው ሰው እሷ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። ከፈትኩላት።

«እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ እፀገነት?»

ከኋላዋ ማን አለ ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

«ግቢ እንጂ፣ ፍዮሪ።»

«አልገባም። አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። የሥራ ቦታዬን ቀይረውታል። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ነኝ። እዚያም ሌላ አትክልት አለ። ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ...»

«ይወቁት ብዬ ብቻ ነው» አለች። ዓይኗ ደርቋል። ጫማዋ ንጹሕ ነበር፣ ታስሮ።

ተናድዳ ብትጮህብኝ እችለው ነበር። እርስዎ አለችኝ።

ኅዳር 16
ምብራትን ከጥናቱ ቆጠራ አወጧት። እኔንም። ወደ አትክልቱ ግን ከፈለገች ትሂድ ብለዋታል። ቧንቧው ላይ ተገናኘን። ባልዲዬን ይዤ ልመለስ ስል፣ «ውሃ መቅጃው የጋራ ነው፣ አልሸጥኩትም» አለች።

ቀዳሁ።

«ለምን ነገርሽው?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ያ ነው የባሰው።

«ጠየቀኝ።»

«ስለ እኔ ብትነግሪው ግድ የለኝም። እኔ መሬቱንም ጥናቱንም አልወለድኩትም። ልጅቷን ግን ምን አደረገችሽ?»

ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። ሁለታችንም አልዘጋነውም። በመጨረሻ የዘጋችው እሷ ናት።

ኅዳር 17
ለምን ነገርሽው። ለምን ነገርሽው።

ኅዳር 25
እንቅልፍ እንደ ድሮው ሆኗል። ጠዋት ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ደጅ ላይ ብዙ ተማሪ ነበር፤ ሁሉም ቦርሳ ያዘለ፣ ሁሉም የናዝራዊትን ቁመት የሚያክል። ጠበቅሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷን መልሷት» አልኩት።

«ቅጣት አይደለም፣ ወይዘሮ እፀገነት። ደብረ ብርሃን ሰው ጎድሎናል። እዚህ ደግሞ ሥራዋን እንደ ደንቡ አልሠራችም።»

«ምን አጠፋች?»

 ሊነግረኝ ያልፈለገ ይመስላል። «ከአንድ ግቢ አንድ ሰው ብቻ ነው የምንመዘግበው። እንደዚህ ጎረቤት ለጎረቤት እንዳይካፈል ብለን ነበር። ወይዘሮ ምብራት ቀድመው ተመዝግበዋል። እርስዎን ከዚያ በኋላ የጨመረችው ፍዮሪ ናት፤ ደንቡን እያወቀች። ለምን ብላት፣ ‹ውጭ ልተዋቸው አልቻልኩም› አለችኝ።»

«እኔን?» አልኩት።

«እናንተ እናቶች ያገኛችሁትን እንደምትካፈሉ ማሰብ የነበረብን እኛ ነን» አለ። «በሌላ አገር የተጻፈውን ዘዴ ይዘን መጣን፤ ግቢ ውስጥ ገብተን አላየንም። የሚቀጥለውን ጥናት ሰፈር ለሰፈር እንከፍለዋለን። እርስዎ ከገና በኋላ ይምጡ። ባይቆጠርም ተራዎ አለ።»

ተራዬ አለ። ስፈልገው የነበረው አትክልት ይህ ነው።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ አዲሱ አስፋልት ዳር የተተከሉትን ዛፎች አየሁ። ገና ቀጫጭን ናቸው፣ በእንጨት የተደገፉ። እኔን የጨመረችው እሷ ናት። ውጭ ልትተወኝ አልቻለችም። እኔም ከሁሉም አስቀድሜ እሷን አስወጣኋት።

ታኅሣሥ 5
በሳምንቱ የናዝራዊት ሙት ዓመት ነው። ጾም ስለሆነ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ለፍዮሪ ስልክ ደወልኩ። አላነሳችም። መልእክት ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ «ታኅሣሥ 12 ሙት ዓመቷ ነው» ብቻ አልኩ። ለእኔ ስትል ነይ የሚል ነገር አልጨመርኩበትም።

ታኅሣሥ 7
አልመለሰችም።

ታኅሣሥ 10
ምብራት ሳልጠራት ምስር ልትለቅም መጣች። ሰፌዱን ከእጄ ወሰደች። ጎን ለጎን ለቀምን። አፌ ላይ የነበረውን ቃል ማውጣት አቃተኝ፤ ይቅርታ ማለት እንዲህ ይከብዳል? በመጨረሻ «ጨው እንዳታበዢ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይኸው፣ ዳነች» አለች።

ታኅሣሥ 12
ማታ ነው። ሁሉንም ልጻፈው።

ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ሰው ተመግቦ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። እማማ ለተክርስቶስ ብቻ ቀርተው እሳቸውም ወደ ቤታቸው ገቡ። ምብራት ከንጋት ጀምራ ቆማ ስትሠራ ውላለች። ሰሐን እያጠበች ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ፍዮሪ ናት፤ ነጠላ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ምብራት አየቻት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። በዚህ ሰዓት የማትዘጋውን በር።

ለእኔ ትታልኝ ነው። ገብቶኛል።

ፍዮሪ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምግብ አቀረብኩ። አንድ ሁለቴ ጎረሰች። «ነገ ነው የምሄደው፣ እትዬ» አለች። ብርድ ልብስ ያዢ፣ ደብረ ብርሃን ይበርዳል አልኳት። ይዣለሁ አለች።  ስንት ወር ሙሉ ብቻዋን እንዳገኛት ስመኝ ነበር፤ ይኸው ብቻዋን አገኘኋት፤ ዝም ብለን ሰሐኑን እናያለን።

«ቀንቼ ነው» አልኳት።

«በምን?»

«በምብራት። ወደ እሷ በር ስትገቢ። እኔ ጋ ጭምት ነሽ፣ እሷ ጋ ትከፈቻለሽ። ልጄን ሁለተኛ የወሰዱብኝ መሰለኝ።»

እጇን ከሰሐኑ አነሳች።  ሄደች ብዬ ነበር።

«እትዬ፣ ናዝራዊት የእኔም ናት» አለች። «እዚህ ስመጣ እርስዎን ላጽናና ነው የምመጣው። ቀድሜ መንገድ ላይ ፊቴን አስተካክላለሁ። እርስዎ ፊት እንዴት አለቅሳለሁ? በማን ሐዘን ላይ? እትዬ ምብራት ጋ ግን አለቅሳለሁ። እሷ ምንም አትለኝም። አንዳንዴ አትክልቱ ውስጥ፣ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ።»

ከድልድዩ ላይ ሳቅ የመሰለኝ ለቅሶ ነበር። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ ያዘችኝ፤ ግን ፊቷ እንደገና ተስተካክሎ ነበር፣ ለእኔ ተብሎ የሚደረገው ፊት። አሁን አወቅሁት። ዓይኗ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ሄደ፣ ወደ ተዘጋው በር፤ ቶሎ መለሰችው፣ እንዳላይባት።

ነገ ትሄዳለች። ጊዜው ትንሽ ነው። ለራሴ ላስቀረው እችል ነበር።

ተነስቼ ደጃፌ ላይ ቆምኩ።

«ምብራት» ብዬ ተጣራሁ። «በርሽን ምን ያዘጋሻል? ነይ። ልጅቷ መጥታለች።»